ስለ ኦሪት ሕግና ስለ ክርስቲያን ነፃነት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ክርስቲያኖች በሚሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ፥ በሠርግ ቤት ቢሆን በለቅሶ ቤት፥ በተማሪዎች ማደሪያ ቢሆን በገበያ፥ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ለእስራኤል የሰጠው ሕግ በክርስቶስ ላመነ ሰው ምኑ ነው? የሚል ነው። አንዱ፥ ኦሪት የእግዚአብሔር ቃል ስለ ሆነ ሁሉን እንደ ተጻፈ ልንጠብቅ ይገባናል ይላል። ሁለተኛው፥ ኦሪት አርጅቶ አልፎአል፤ እኛ በጸጋ ነንና ከእርሱ ጋር ምንም ነገር የለንም ይላል። ከዚህም የተነሣ ወንድም ከወንድሙ ማዕድ ይለያል፤ ልጅ እናቱን ይንቃል፤ እናትም ልጇን እንደ ሞተ ቈጥራ ታለቅሳለች። ስለዚህ ይህ ነገር የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም፤ የቤትና የማዕድ ነገር ነው፥ የነፍስም ነገር ነው።

ይህን የምጽፍልህ እኔም በዚህ ነገር አስቀድሜ የበደልሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ በወንበር ተቀምጦ እንደሚፈርድ ዳኛ ሳይሆን፥ በመንገድ ወድቆ እንደ ተነሣና ጕድጓዱ ያለበትን ስፍራ ለባልንጀራው እንደሚያሳይ መንገደኛ ቈጥረህ ስማኝ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጌታችን ካረገ ሃያ ዓመት ያህል በሚሆንበት ጊዜ በአንጾኪያ ተነሥቶ ነበር። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች፥ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ካልተገረዙ እንደማይድኑ አድርገው ስላስተማሩ ማኅበሩ ታወከ። ጳውሎስና በርናባስም ነገሩን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በዚያም ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ያየውን መሰከረ፤ እነርሱም እግዚአብሔር በአሕዛብ መካከል ያደረገውን ተናገሩ፤ ያዕቆብም ከነቢያት ጠቅሶ አሳቡን ሰጠ። የጉባኤው ፍርድ በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። ግዝረትን በአሕዛብ ላይ አልጫኑም፤ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋው፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተው፥ ከዝሙትም እንዲርቁ አዘዙአቸው። ደብዳቤውንም በይሁዳና በሲላስ እጅ ላኩ።

በዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ልብ አድርግ። በመጀመሪያ፥ ሐዋርያት ሰው በክርስቶስ ጸጋ እንዲድን አምነው ሌላ ቀንበር አልጨመሩበትም። ሁለተኛ፥ ሙሴን ከቤታቸው አላባረሩም። ከአሕዛብ የመጣው ወንድም በልማዱ የአይሁዳዊውን ወንድሙን ሕሊና እንዳያቈስል፥ ሁለቱም በአንድ ማዕድ እንዲቀመጡ መንገድ አበጁ። ጳውሎስም እንዲሁ አደረገ። ቲቶ እንዲገረዝ በተፈለገ ጊዜ፥ ነገሩ የመዳን ግዴታ ሆኖ ነበርና ለአንዲት ሰዓት እንኳ እሺ አላለም። እናቱ አይሁዳዊት የነበረችውን ጢሞቴዎስን ግን፥ በዚያ ስላሉት አይሁድ ብሎ፥ ራሱ ወስዶ ገረዘው። ሥራው አንድ ሲሆን አሳቡ ሁለት ነበር። ለመዳን ዋጋ አድርገው በጠየቁት ጊዜ እንቢ አለ፤ ለባልንጀራ ፍቅር በሆነ ጊዜ ግን በፈቃዱ አደረገው።

ከሐዋርያት በኋላ ደግሞ በሁለተኛው መቶ ዓመት፥ የጰንጦስ ሰው የሆነ መርቅያን የሚባል የመርከብ ባለጸጋ በሮም ተነሣ። እርሱም የኦሪት አምላክና የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ አባት ሁለት ናቸው ብሎ አስተማረ። ብሉይ ኪዳንን በሙሉ ጣለ፤ ከአዲስ ኪዳንም እንደ ወደደ ቈርጦ ያስቀረውን የሉቃስን ወንጌልና ከጳውሎስ መልእክታት አሥሩን ብቻ ተቀበለ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 ዓመት ከማኅበርዋ ለየችው። መለየትዋም የተገባ ነበር። ኦሪትን የጣለ ሰው ዓለምን የፈጠረውን አምላክ ይጥላልና፤ አብርሃምን፥ ዳዊትንና ነቢያትንም ይጥላል። ጌታችን በልጅነቱ የተማረውን፥ በምድረ በዳ ፈታኙን ያሸነፈበትን መጽሐፍ ይጥላል፤ ይህን መጽሐፍ ጠብቀው ያቈዩልንን የእስራኤልን ልጆች ወደ መናቅም ይደርሳል። ዛሬም ኦሪት ምን ያደርግልናል የሚል ክርስቲያን፥ ሳያውቀው በዚያ ሰው ጎዳና ይሄዳል።

ታዲያ እንዴት እንያዘው? ጌታችን በተራራው ባስተማረው ትምህርት፥ መምጣቱ ሕግን ለማፍረስ እንዳልሆነ፥ ለመፈጸም እንጂ፥ በግልጥ አስታውቆአል። መፈጸም ምን እንደ ሆነ ከራሳችን አገር ትምህርት ቤት በምሳሌ ላሳይህ። ሕፃን ወደ የኔታ ሲገባ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ በስንደዶም እያመለከተ ከሀ እስከ ፐ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። ዓመታት አልፈው ዳዊት ሲደግም ግን ፊደል ቍጠር ብሎ የሚያስገድደው የለም። ፊደሉ ተሽሮአልን? አልተሻረም። ከፊደሉ አንድስ እንኳ ጠፍቶአልን? አልጠፋም፤ ሁሉ በዳዊቱ ውስጥ አለ። ዳዊት ከደገመ በኋላ ተመልሶ ፊደል ብቻ ሲቈጥር የሚውል ተማሪ ሰነፍ ነው፤ ዳዊት ደግሜአለሁና ፊደል አያስፈልገኝም ብሎ ገበታውን በእሳት የሚጥልም ሰነፍ ነው። ኦሪት ፊደል ነው፤ ክርስቶስ ንባቡ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሕግን ወደ ክርስቶስ የሚያደርስ ሞግዚት አድርጎ የገለጠው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ፥ ከኦሪት የትኛው እንደ ተፈጸመና የትኛው እንደ ጸና በምን እንለያለን? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የተገባ ነው። ኦሪት ራሱ ትእዛዛቱን በየክፍላቸው ለይቶ አያቀርብልንምና። የኦሪት ዘሌዋውያንን 19ኛ ምዕራፍ ብታነብ፥ ባልንጀራህን እንደ ራስህ እንድትወድ የሚያዝዘው ቃል በ18ኛው ቍጥር ይገኛል፤ ወዲያውም በ19ኛው ቍጥር ከሁለት ዓይነት ፈትል የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ ይከለክላል። በዚያው ምዕራፍ ስለ ጢም አቈራረጥ ተጽፎአል፤ ለድሀ ቃርሚያ ስለ መተው፥ ለሽበት ስለ መነሣት፥ መጻተኛን ስለ መውደድ፥ ስለ እውነተኛ ሚዛንም ተጽፎአል። የቀደሙት መምህራን፥ ከእነርሱም አንዱ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኲናስ፥ ሕጉን በሦስት ከፈሉት፤ የጠባይ ሕግ፥ የአምልኮ ሥርዓት ሕግ፥ የፍርድና የመንግሥት ሕግ ብለው። ክፍያው ለማስተዋል ይረዳል። ዳሩ ግን ከክፍያው ሁሉ የሚበልጥ መለኪያ አለን፤ እርሱም ክርስቶስ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደ እርሱ አቅርበህ፥ ጌታ ሆይ፥ ይህ ባንተ ዘንድ ምን ሆነ? ብለህ ጠይቅ።

የመሥዋዕቱን ሕግ ብታቀርብ፥ መስቀሉን ያሳይሃል፤ ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት እንደሚያስተምር ያ ጥላ ነበር፥ አካሉም መጥቶአል። አባቱ ከመንገድ እስኪመለስ በደጅ የሚጠብቅ ልጅ አስቀድሞ ጥላውን አይቶ ደስ ይለዋል፤ አባቱ በገባ ጊዜ ግን የሚያቅፈው አባቱን ነው እንጂ ጥላውን አይደለም። ስለ እስራኤል መንግሥትና ስለ ርስታቸው የተሰጠውን ፍርድ ብታቀርብ፥ ያ ለአንድ ሕዝብ በአንድ ምድር የተሰጠ እንደ ሆነ፥ በውስጡ ያለው ቅንነት ግን ለዳኛ ሁሉ ትምህርት እንደ ሆነ ታያለህ። እግዚአብሔርን ውደድ፥ ሰውን ውደድ የሚለውን ብታቀርብ ግን፥ እርሱ ሕግና ነቢያት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንደ ቆሙ ተናግሮአልና፥ ቀንበሩ ሲከብድ እንጂ ሲቀል አታይም። ኦሪት እጅን ከመግደል ከለከለ፤ ክርስቶስ ልብን ከቍጣ ከለከለ።

የመብልንም ሕግ እንዲሁ ወደ እርሱ እናቅርብ። ጴጥሮስ በኢዮጴ በሰገነት ላይ ሲጸልይ ራእይ አየ፤ ንጹሕና ርኩስ የሚባሉት እንስሳት በአንድ ጨርቅ ተሰብስበው ወረዱለት። ጴጥሮስ ግን ራእዩን ስለ ሥጋ ብቻ አልተረጐመውም። ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በገባ ጊዜ፥ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ እግዚአብሔር እንዳሳየው ተናገረ። ደግሞም ራእዩን ያየ ጊዜ የተቀመጠው በማን ቤት እንደ ነበረ ልብ አድርግ። በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። በአገራችን ፋቂ፥ ቀጥቃጭ፥ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ከማዕድ የተለየውን፥ ቡዳ ነው ተብሎ የተፈራውን ሰው አስብ። የሐዋርያት አለቃ ያደረው በእንዲህ ያለ ሰው ጣሪያ ሥር ነበር።

አባቶቻችንም ስለ ኦሪት ሥርዓት ብዙ ደክመዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፥ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ሲከራከሩለት የነበረው የቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንዲከበር ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላም ከውጭ የመጡ ሰዎች ኢትዮጵያውያንን እናንተ አይሁድ ናችሁ ብለው በነቀፉአቸው ጊዜ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ዓመት የሃይማኖታቸውን ምስክር ጻፉ። በዚያም ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ የኦሪት ግዴታ እንዳልሆነ፥ የእሪያንም ሥጋ መተው በሕግ ተገድዶ እንዳልሆነ፥ የሚበላም የማይበላም እርስ በርሱ እንዳይናናቅ፥ በዚህም የጳውሎስን ትምህርት እንደሚከተሉ አስረዱ። አንባቢ ሆይ፥ የትኛውም ማኅበር አባል ብትሆን ይህን ትሕትና ተመልከት። ልማድን ልማድ ብሎ መጥራት፥ መዳንንም ለክርስቶስ ብቻ መተው ትልቅ ጥበብ ነው።

አሁን የራሴን በደል ልናገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌልን ተምሬ ባመንሁ ጊዜ ወጣት ነበርሁ፤ የሮሜንና የገላትያን መልእክት ስላነበብሁ የኦሪትን ነገር የጨረስሁ መሰለኝ። በዕረፍት ወራት ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። በዚያም ጎረምሶች ያደኑትን የከርከሮ ሥጋ ከጓደኞቼ ጋር በላሁ፤ መብላቴም ሳይበቃኝ ከእናቴ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ በኩራት ነገርኋት። እናቴ አልተቈጣችም። ዝም ብላ ከሞሰቡ ተነሣች፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እንጀራዬን በሌላ ሰፌድ ለብቻዬ ታቀርብልኝ ጀመር። እኔም ይህን እንደ ስደት ቈጥሬ፥ ስለ ክርስቶስ መከራ ተቀበልሁ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

በዚያው ወራት ለአዲስ ኪዳኔ ማኅደር አሠርቼ ነበር። የሠራልኝ ከመንደሩ በታች በወንዙ አጠገብ የሚኖር ሽማግሌ ፋቂ ነው። ስፌቱ የጠነከረ፥ ማንገቻውም የለሰለሰ፥ መልካም ማኅደር ነበር። ዋጋውን ግን ግማሹን ብቻ ሰጥቼ የቀረውን፥ ገንዘቡ በእጄ ሳለ፥ ነገ ከነገ ወዲያ እያልሁ አቆየሁበት። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ሲመሽ መጣ፤ እንደ ልማዱም ወደ ቤት ሳይገባ በደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ለጎረቤት ልጆች ስለ ክርስቲያን ነፃነት አስተምር ነበርና «ዛሬ ጊዜ የለኝም፤ ሌላ ቀን ና» ብዬ መለስሁት። እርሱም «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሄደ።

እናቴ በጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮአል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወጣችና «ልጄ፥ እኔ ያልተማርሁ ነኝ፤ አልከራከርህም። ኦሪቱስ ላንተ ቀረልህ፤ ገንዘቡ ግን ለሽማግሌው ቀረበት» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በዚያች ሌሊት መብራት አብርቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥሁ። ስለ መብል የተጻፈውን የሌዋውያንን 11ኛ ምዕራፍ ለክርክር ብዬ ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን አልፌ እስከ 19ኛው ደረስሁ። በ13ኛው ቍጥርም የሞያተኛን ደመወዝ ከአሠሪው ዘንድ ማሳደር እንደ ተከለከለ አገኘሁ። ይህስ የተሻረ የኦሪት ትእዛዝ ነው ብዬ እንዳላመልጥ፥ የጌታ ወንድም ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የተያዘ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ መስክሮአል። ወንጌሉ ያደረበት ማኅደር ራሱ ይጮኽብኝ ነበር።

ሲነጋ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ገንዘቡን ሰጥቼ «አባቴ፥ በድዬዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ» አልሁት። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተኝ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ አስገባኝ፥ ሚስቱም ቡና አቀረበችልኝ። ሲኒውን ስቀበል እጄ ዘገየ። ከተወለድሁ ጀምሮ ከፋቂ ቤት ቀምሼ አላውቅም ነበርና። የከርከሮ ሥጋ ለመብላት ያልፈራሁ እኔ፥ ከሰው ሲኒ ለመጠጣት እንደ ፈራሁ በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ጴጥሮስ በስምዖን ቤት እንዳደረ አስቤ አፈርሁ፤ ጠጣሁም።

ወደ ቤት ተመልሼ እናቴን ይቅርታ ለመንኋት። የለመንኋት ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ኩራቴና ልቧን ስላሳዘንሁ ነው። እስከ ዕለተ ሞቷም እንዲህ ያለውን ሥጋ በቤቷ አልበላሁም፤ ኦሪት አስገድዶኝ ሳይሆን ፍቅር አስገድዶኝ ነው። በዚያው ቀን ማታ እንጀራዬን ከእርስዋ ጋር በአንድ ሞሰብ አቀረበች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኔ ስለ ኦሪት የምናገረው ሁሉ በቃል ሐሰት አልነበረም። ሰው የሚጸድቀው በሕግ ሥራ አይደለም፤ ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ፥ እሰብካለሁም። ሐሰቱ በልቤ ነበር። ነፃነትን የፈለግሁት ከኦሪት ሸክም ሳይሆን ከባልንጀራዬ ዕዳ ለማምለጥ ነበርና። እንግዲህ ከዚህ ሦስት ምክር ውሰዱ።

አንደኛ፥ ማናችሁም መዳንን በሥርዓት መጠበቅ አትፈልጉ። በመብልና በቀን ራሱን ጻድቅ የሚያደርግ ሰው፥ ክርስቶስ በከንቱ እንደ ሞተ የሚያስመስል ነው። ሕግ ቍስልን የሚያሳይ መስተዋት ነው፤ መስተዋትም ፊትን አያጥብም። ቍስላችሁን ባሳያችሁ ጊዜ ወደ መድኃኒቱ ሂዱ።

ሁለተኛ፥ በነፃነታችሁ ማንንም አታቍስሉ። በሮሜ መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ ሐዋርያው የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፥ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተምራል። ተማሪዎች ሆይ፤ በትምህርት ቤት ያገኛችሁት ዕውቀት በእናታችሁ ማዕድ ላይ መዶሻ አይሁን። እናንተም ልማዳችሁን የምትጠብቁ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በሌላ ሥርዓት ስለ ጸለየ ወይም ስለ በላ ብቻ ከቤታችሁ አታርቁት።

ሦስተኛ፥ ኦሪትን ለክርክር ሳይሆን ለምርመራ አንብቡ። ነጋዴ ሆይ፥ ስለ ሚዛን የተጻፈውን በመደብርህ አንብበው። ጸሓፊና ዳኛ ሆይ፥ መማለጃ የጥበበኞችን ዓይን እንደሚያሳውር በኦሪት ዘዳግም በ16ኛው ምዕራፍ ተጽፎአልና በወንበርህ አስበው። ባለቤት ሆይ፥ የቤት ሠራተኛህ ደመወዝ በእጅህ አድሮ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ሳትተኛ ቍጠረው። ወሬ አመላላሽ መሆን፥ በደንቈሮ ላይ ክፉ መናገር፥ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር፥ መጻተኛውን መግፋት፥ እነዚህ ሁሉ በዚያ በአንድ ምዕራፍ የተከለከሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ስንኳ ክርስቶስ አልፈቀደልንም።

ምናልባት አንዱ፥ ይህ ሁሉ ከሆነ ነፃነታችን ምንድር ነው? ይል ይሆናል። ነፃነታችን ይህ ነው፤ ባሪያ በትር ፈርቶ የሚያደርገውን እኛ እንደ ልጆች አባታችንን ወድደን እናደርገዋለን። ባሪያ የታዘዘውን ቈጥሮ ያቆማል፤ ልጅ ግን የአባቱን ልብ አውቆ ካልታዘዘውም ይጨምራል። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ አዲሱ ኪዳን ሲናገር፥ እግዚአብሔር ሕጉን በሕዝቡ ልብ ላይ እንደሚጽፈው ተናገረ እንጂ እንደሚፍቀው አልተናገረም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ወረቀት አጥፈህ ከማኖርህ በፊት፥ በደጅህ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ተመልከት። ቢኖር ሌላ ቀን ና አትበለው።

አቤቱ፥ ሕግህን የሰጠኸን፥ በልጅህም የፈጸምህልን አምላክ ሆይ፤ በሥራችን እንዳንመካ ጸጋህን አሳየን፤ በጸጋህም እንዳንቀልድ ሕግህን በልባችን ጻፍ። በአንድ ማዕድ አስቀምጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ በጌታችን፤ አሜን።